የእሑድ ብልሽት

አባቴ ሞተር ሳይክሉን የሚያክመው ሳይታመም ነበር። ይህን የምለው እሱን ለማወደስ አይደለም፤ ቤቱን ሁሉ ያሰለቸ ጠባይ ነበር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ቁርሱ ቀርቦ እየቀዘቀዘ፣ እሱ የሞተሩን ኮርቻ ነቅሎ ግቢው መሃል ተንበርክኮ ምንም ያልሆነ ባትሪ ይመረምራል። እናቴ ከበረንዳው ሆና «ደግሞ ምን ሆነ?» ትለዋለች። «ምንም አልሆነም። እንዳይሆን ነው» ይላታል። እናቴ «እንዳይሆን» የምትለዋን ቃል ለማሽሟጠጫ መጠቀም የጀመረችው ከዚያ ነው። ጎረቤታችን በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዞ ሲወጣ ካየች «ይሄም እንዳይሆን ነው» ትላለች።

አባቴ በወጣትነቱ ከሰሜን ሸዋ ተመድቦ የመጣ የግብርና ሠራተኛ ነው። ለጊዜው ብሎ መጣ፣ የካፋ ልጅ አገባ፣ ቀረ። በዋጫ ሠራ፣ በቢታ ገነት ሠራ፣ ጡረታ የወጣው ቦንጋ ላይ ነው። ያ ሞተር በነዚያ መንገዶች ሁሉ ተሸክሞታል፤ ጭቃው ሲበረታ ደግሞ እሱ ሞተሩን ተሸክሞታል። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረት በጨረታ ሲያስወግድ ሌላ የፈለገው ሰው ስላልነበረ አባቴ ወሰደው። ያን ቀን እየነዳው ግቢ ሲገባ የነበረውን ፊት በሠርጉ ፎቶ ላይ እንኳ አላየሁትም።

የኛ አገር ዝናብ የኤሌክትሪክ ጠላት ነው። ቦንጋ ላይ የተሰጣ ልብስ በቀኑ ከደረቀ ሰው ይደነቃል። ሶኬት ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ይበቅላል፣ የባትሪ ራስ ላይ ነጭ ዱቄት ይወጣል፣ ብርድ ያባረረው አይጥ ኮርቻ ሥር ገብቶ የሽቦ ልባስ ይበላል። ብዙዎቹ ሞተሮች ባትሪያቸው ቢሞትም በእግር ሲረግጧቸው ይነሳሉ። የኛ ግን እሳቱን ከባትሪ የሚወስድ የድሮ ሥሪት ነው፤ ባትሪው ከደከመ የቀረው ብረት ብቻ ነው። ባትሪውን የሚሞላው ደግሞ ሞተሩ ራሱ ነው። ሲዞር ዲናሞው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ሬጉሌተር የሚባለው ጥርስ ጥርስ ያለው ትንሽ ብረት ልኩን ጠብቆ ወደ ባትሪው ያሳልፋል። ከነዚህ አንዱ ጋ ትንሽ ነገር ከላላ ቶሎ አይታወቅም። ዛሬ ይነሳል፣ ነገም ይነሳል፣ አንድ ቀን ሰው የሌለበት ዳገት ላይ ዝም ይላል።

የአባቴ ሥርዓት ይህ ነበር። መጀመሪያ ባትሪውን አውጥቶ ብርሃን ላይ ይይዘዋል። ውሃው ከታችኛው መስመር ከወረደ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨምራል፤ ከላይኛው መስመር ግን አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። ራሶቹን በሶዳና በሞቀ ውሃ፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ ያጥባል፤ አድርቆ ቫዝሊን ይቀባል። ከዲናሞው የሚመጡትን ቢጫ ሽቦዎች ሶኬት ነቅሎ ያሸታል። አዎ፣ ያሸታል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተው እዚያ ውስጥ ሙቀት አለ ማለት ነው። የሬጉሌተሩን ጥርሶች ጭቃ በስንጥር ይፈለቅቃል፣ ጭቃ ከለበሰ ሙቀቱ መውጫ ያጣልና። መጨረሻ ላይ ሞተሩን ያስነሳና እኔን ይጠራል። የባትሪውን ኃይል የሚለካውን ቴስተር የምይዘው እኔ ነኝ። «ስንት ይላል?» ይለኛል። እነግረዋለሁ። ነዳጅ ይሰጠዋል። «አሁንስ?» ይለኛል። አስራ አራት ቮልት አካባቢ ከሆነ ራሱን ነቅንቆ «ጤና ነው» ይልና እጁን ይታጠባል። ከልጅነቴ ጀምሮ አግብቼ እስክወጣ፣ ፈትቼ ከተመለስኩም በኋላ፣ እሑድ ማለት ለኔ ያቺ የቴስተር ቁጥር ነበረች።

ትምህርቱ እንጀራ ሆነኝ። ቦንጋ ላይ ትንሽ የሞተርና የባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ደንበኞቼን አልወዳቸውም፤ ይህን እነሱም ያውቃሉ። ሁሉም የሚመጡት ከተቃጠለ በኋላ ነው። «ትናንት ደህና ነበር» ይላሉ። ትናንት ደህና አልነበረም፤ ትናንት አላየኸውም። እንዲህ ፊት ለፊት ስለምናገር «ያቺ ተቆጪዋ ጋ» ይሉኛል፣ ግን ዕቃዬ ደህና ስለሆነ ተመልሰው ይመጣሉ።

አባቴ ሞተሩን የሚፈልገው ለሽርሽር አልነበረም። በሺሺንዳ አቅጣጫ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ እናቴ ከወላጆቿ የወረሰችው መሬት አለ፤ ቡና፣ እንሰት፣ ከታች በኩል በቆሎ። እየደጋገመ ይሄዳል። ጡረታ ከወጣ በኋላ ምክሩን የሚሻ ሰው የቀረው እዚያ ብቻ ነበር። ገበሬዎቹ «ጋሼ መጡ» ሲሉ ትከሻው ቀና ይላል። ቦንጋ ላይ ግን ማንም የማያስታውሰው አንድ ጡረተኛ ነው። ያ መንገድ ጠዋት ጠዋት ጉም ይውጠዋል። «ጉም ውስጥ መብራቱ የጠፋ ሞተር ማንም አያየውም። የባትሪ ነገር የነፍስ ነገር ነው» ይል ነበር፣ ቁርሱን ላቀዘቀዘበት ሰበብ ሲፈልግ።

አሁን ስለ አንድ ቃል ልናገር። ማሳ ማለት ለማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ እርሻ ነው፤ የተዘራበት መሬት። መካኒክ ዘንድ ግን ማሳ ከባትሪው ወጥቶ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚታሰረው ጥቁር ሽቦ ነው። ከጣሊያን የቀረ ቃል ነው ይላሉ። የማሳው ብሎን ከላላ ወይም ከዛገ መብራት ይዋዥቃል፣ ክላክስ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ ያወጣል። አባቴ በሁለቱ ማሳዎች መካከል ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። ጠዋት የገበሬ ማሳ ይለካል፣ ከሰዓት የሞተሩን ማሳ ያጠብቃል። አንድም ቀን ተምታቶበት አያውቅም ነበር።

አንድ እሑድ ክላክሱ ሰልሎ ነበር። ኮርቻው ተነቅሏል፣ መፍቻዎቹ ጨርቅ ላይ ተዘርግተዋል። እኔ ቴስተሩን ይዤ «አባዬ፣ ማሳው ነው መሰለኝ። እስቲ ማሳውን እየው» አልኩት።

«እሺ» አለ።

እጁን ታጠበ። ቦት ጫማውን አደረገ፣ ኮቱን ደረበ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ። የብርጭቆ ወረቀት ሊገዛ የወጣ መስሎኝ ብሎኑን እየፈታሁ ጠበቅኩት። የምሳ ሰዓት አለፈ። ዝናቡ መጣ። እናቴ ጎረቤት ለጎረቤት ጠየቀች፤ እኔ ባጃጅ ይዤ ከተማውን ዞርኩ። ሊመሻሽ ሲል አንድ የሚኒባስ ሹፌር ይዞት መጣ። በሺሺንዳ መንገድ ላይ፣ በእግሩ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ አግኝቶት ነው።

«የት ሄደህ ነው?» አልኩት።

«ማሳውን እይ አላልሽኝም እንዴ?» አለ እየተገረመ። «ሩቅ ነው እኮ። አልደረስኩም።»

ሳቅን። እናቴ መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። እሱም ነገሩ ሲገባው ግንባሩን ይዞ ሳቀ። ለጎረቤት ተነገረ፣ ለዘመድ ተነገረ፣ እኔም ሱቅ ለሚመጡት መካኒኮች አወራሁት። «ማሳውን ፈትሽ» በተባለ ቁጥር «በእግርህ እንዳትሄድ» መባባል የነሱ ቀልድ ሆነ። ጥሩ ቀልድ ነው፤ ዛሬም ለማያውቀው ሰው ብነግረው ይስቃል። ቆይቶ ነው የከነከነኝ። ሞተሩ ፊቱ ቆሞ፣ ኮርቻው ተነቅሎ፣ ቴስተሩ እጄ ላይ እያለ ነው ማሳ ያልኩት። በዚያች ቅጽበት ፊቱ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፍቶበት ነበር ማለት ነው።

ከዚያ የውሃው ነገር መጣ። ባትሪውን ይሞላል፣ ይከድናል፣ ገብቶ ትንሽ ተቀምጦ ይመለስና ደግሞ ይሞላል። ከላይኛው መስመር ጠብታ የማያሳልፈው ሰው አሲዱን አትረፍርፎ አፈሰሰው፤ የሞተሩ ቀለም ተላጠ፣ ሱሪው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። አንድ ቀን የእጁ ጀርባ ቀልቶ አየሁትና ምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ትንኝ ነው» አለኝ። በሌላ ቀን የባትሪውን ራስ ሲያጠብቅ፣ ደግሞ ሲያጠብቅ፣ የእርሳስ ብረቱ እጁ ላይ ተሰበረ። በሌላ ቀን ቀዩን ሽቦ በጥቁሩ ቦታ አሰረና ሬጉሌተሩ ጨሰ። የተቃጠለውን ፈትቼ ሳሳየው አገላብጦ አየውና «እንዲህ የሚሠራ ሰው እጁ ይቆረጥ» አለ። «እውነትህን ነው» አልኩና አዲሱን ገጠምኩ።

ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣ ውሃ የማይጨመርበትን ድፍን ባትሪ ከሱቄ አመጣሁለት። የሚከፈት ነገር የለውም፣ የሚፈስ ነገር የለውም። እሑድ ሲደርስ ጣቱን ባትሪው አናት ላይ እያመላለሰ ክዳኖቹን ፈለገ።

«ክዳኖቹን ማን ወሰዳቸው?»

«አባዬ፣ ይሄ ክዳን የለውም። ውሃ አይፈልግም።»

«ውሃ የማይፈልግ ባትሪ የለም።»

«አዲስ ዓይነት ነው አልኩህ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ሱቅሽ ወስደሽ ሸጠሻቸዋል» አለ።

በሕይወቱ ሌባ ብሎኝ አያውቅም። ቴስተሩን ጨርቁ ላይ ወርውሬ ገባሁ። እሱ በካቻቢቴ የሌለ ክዳን ሲቆፍር ዋለ። በማግስቱ ሞተሩ ተነሳለት፣ ባትሪው መሰንጠቁን ማናችንም ሳናይ ሄደ።

የተደወለልኝ ሱቅ ውስጥ ሆኜ ነው። የደወለው አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ቡና ጭኖ በጉም ውስጥ ሲወርድ፣ መብራት የሌለው ሞተር ይዞ መንገዱ መሃል የቆመ ሽማግሌ ድንገት ፊቱ አገኘ። ለማዳን ሲል መሪውን ጠምዝዞ መኪናው ቦይ ውስጥ ገብቷል። ሰው አልሞተም። እኔ ስደርስ ሹፌሩ ይጮህ ነበር፤ «እንዲህ ያለ ሰው ለምን ይለቀቃል? ገድዬው ቢሆንስ?» ይላል። እኔም ጮህኩበት። የተበላሸው ባትሪው ነው፣ ሰውየው ምንም አልሆነም አልኩ። ስጮህ ውሸት እንደሆነ አውቅ ነበር። አባቴ ጠጋ ብሎ እጅጌዬን ያዘና ሹፌሩ እንዳይሰማ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቦንጋ በየት በኩል ነው?» አለኝ። በሁለቱም በኩል ጉም ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበት መንገድ ነው።

ጅማ ወሰድነው። ሐኪሙ ትሁት ልጅ ነበር፤ ቀኑን ጠየቀው፣ ወሩን ጠየቀው፣ ሰዓትና እስክሪቢቶ እያሳየ ምን እንደሚባሉ ጠየቀው። አባቴ መልሱ ሲጠፋው ይቅርታ ይጠይቅ ነበር፤ መሥሪያ ቤት ገብቶ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ይመስል። በኋላ እኔንና እናቴን ለብቻችን አስቀምጦ ነገረን። የመርሳት በሽታ ነው፤ አይመለስም፤ መድኃኒቱ ትንሽ ያዘገየው እንደሆን ነው።

«ቀደም ብለን አምጥተነው ቢሆን ኖሮ?» አልኩት።

«ያው ነበር» አለኝ።

ያጽናናኝ መስሎት ነው። እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ ያናደደኝ ይሄ መልስ ነው። ያደግኩት ቀድሞ የታየ ነገር አይበላሽም በሚባልበት ቤት ነው።

«ሞተር ይነዳሉ?» ሲል ጠየቀ። ከእናቴ ጋር ተያየን። «አንድ ቀን እንኳ እንዳይነዱ። ወይ እሳቸው ይሞታሉ፣ ወይ ሰው ይገድላሉ» አለ።

ቤት እንደደረስን ቁልፉን ደበቅኩት። እናቴ አልተስማማችም። «ሞተሩን ከወሰድሽበት ምን ቀረው? በመኪና ከሚሞት በሐዘን ቢሞት ነው የሚሻልሽ?» አለችኝ። እሱ ቁልፉን ፍለጋ ቤቱን ገለበጠው። የኮቱን ኪስ፣ የቆሎ ቆርቆሮውን፣ የፍራሹን ሥር፣ ተመልሶ የኮቱን ኪስ። የፈለገበትን ስለሚረሳ ፍለጋው ማለቂያ የለውም። ከዚያ መፈለጉን ተወ፤ መብላቱንም ተወ። ግድግዳ ሥር ተቀምጦ የሞተሩን ጎማ ያያል። ጉንጩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ገባ። እናቴ ያልተነካ ሳህኑን አንስታ እኔ ፊት ታስቀምጠዋለች። እኔ ደግሞ የምሆነውን አጣሁ። ቁልፉን ብሰጠው ጉሙ ይበላዋል፣ ባልሰጠው ግድግዳው።

ቁልፉን መለስኩለት። ሞተሩን ግን አበላሸሁት።

አላፍርበትም። እሱና እናቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ ቤት ጠባቂ ነኝ። አንድ እሑድ ጠዋት የነዳጅ ታንኩን አነሳሁና ከቁልፉ ወደ እሳቱ የሚሄደውን ሽቦ ቆረጥኩት። ያለዚያ ሽቦ ሞተሩ ምንም ቢያደርጉት አይነሳም። ባዶ ሽቦ መተው አይሆንልኝምና ሁለቱንም ጫፎች በናስትሮ፣ በሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር፣ ጠቀለልኳቸው፣ ታንኩን መልሼ አሰርኩት። እዚያ ድረስ አይሄድም ብዬ ነው። ከዚያ ደግሞ ሁለተኛ፣ ቀላል ብልሽት ጨመርኩ፤ ኮርቻው ሥር ያለውን ፊውዝ አውጥቼ ጨርቁ እጥፋት ውስጥ አስቀመጥኩት። ይሄኛው እንዲያገኘው ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቁልፉን አዞረ። መብራት የለም፣ ክላክስ የለም። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ነቃ። ኮርቻውን ነቀለ፣ ሽቦውን በጣቱ እየዳሰሰ ተከተለ፣ ፊውዙ የጎደለበት ቦታ ሲደርስ ቆመ። ጨርቁን አራገፈ። ፊውዙን ቦታው ሲያስገባው መብራቱ በራ፣ ክላክሱ ጮኸ፣ አባቴ ለረጅም ጊዜ ያልሰማነውን ሳቅ ሳቀ። «አገኘሁት!» ብሎ እናቴን ጠራት። እናቴ ከበረንዳው እያየች እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ሞተሩ አልተነሳም፤ እሱ ግን ለዛሬ ይበቃል፣ የቀረውን በሚቀጥለው እሑድ አየዋለሁ ብሎ እጁን ታጠበ። ያን ቀን ምሳውን ጨረሰ።

እንዲህ ሆነና ሥርዓታችን ተገለበጠ። እኔ ጠዋት አበላሻለሁ፣ እሱ ረፋዱ ላይ ይጠግናል። አንድ እሑድ የባትሪውን ራስ አላላለሁ። አንድ እሑድ የክላክሱን ሽቦ እነቅላለሁ። አንድ እሑድ አምፖሉን በተቃጠለ እለውጠዋለሁ፤ የተቃጠለ አምፖል ሱቄ ሞልቷል። ሞተሩ ስለማይዞር ባትሪው በራሱ አይሞላም፤ ሲደክም ሱቅ ወስጄ ቻርጅ አድርጌ እመልሰዋለሁ። ዲናሞው እኔ ሆንኩ። ቴስተሩን አሁንም እይዝለታለሁ። «ስንት ይላል?» ይለኛል፣ እነግረዋለሁ። «አሁንስ?» የሚለው ግን ቀረ፣ ነዳጅ የሚሰጠው ነገር የለምና።

ብልሽቱን እያቀለልኩ መሄድ ነበረብኝ። የመፍቻዎቹ ስም ጠፋው፤ ካቻቢቴው «ያ ነገር» ሆነ፣ ቀጥሎ ዝም ብሎ እጁን መዘርጋት ሆነ። እናቴ ባገሩ የሞተች እህቱ ትመስለው ጀመር፣ እሷም አቤት እያለች በሟቿ ፈንታ ትመልስለታለች። ቤተ ክርስቲያን መሄዱም ስለደከመው እኔ ማለዳ፣ እሱ ሳይነሳ፣ ሥራዬን እጨርሳለሁ። ጣቶቹ ግን ሽቦ ሲነኩ የሚያውቁት ነገር ነበራቸው። ያንን እያየሁ ተስፋ አደርግ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ተስፋ አላደረግኩም። እሑድ እንዳያልቅ ብቻ እፈልግ ነበር።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት፣ ያው እንደተለመደው ፊውዙን አውጥቼ አጠገቡ ጨርቅ ላይ አስቀመጥኩት። ከዚህ የቀለለ ብልሽት አልነበረኝም። እሱ ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሽቦዎቹን ይዳስሳል፤ እኔ ቆሜ አያለሁ። ቀና ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ መንገድ ላይ ለሚያገኘው ሰው የሚያሳየው ጨዋነት ነበረበት።

«ይቅርታ፣ እህቴ» አለኝ። «እዚህ ሠፈር ነው የሚኖሩት?»

እኔን አንቱ ብሎኝ አያውቅም። «አዎ» አልኩ።

«ልጄን ያውቋታል? ሱቅ ያላትን?»

«አውቃታለሁ።»

ወደ በረንዳው አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ይሄን ሞተር የምታበላሽብኝ እሷ ናት።»

«በምን አወቁ?» አልኩት። እኔም አንቱ አልኩት።

«የሚያበላሽ ሰው ሽቦ በናስትሮ አይጠቀልልም» አለ። «እሷ ትጠቀልላለች። የናስትሮውን ጫፍ አጠፍ ታደርገዋለች፣ ሲፈቱት እንዳያስቸግር። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።» የነዳጅ ታንኩን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። «እዚህ ሥር አንድ አለ። ካገኘሁት ቆየሁ። አልነካሁትም።»

«ለምን?»

«ይሄን ካሰርኩት ይነሳል። ከተነሳ እሄዳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ከሄድኩ ደግሞ መመለሻው ይጠፋኛል።» ይህን ሲናገር ቃሉ አልተደናቀፈም። «እሷም ይሄን አውቃ ነው። ፈርታ ነው። ስለዚህ የምታስቀምጥልኝን እየጠገንኩ እቀመጣለሁ፤ ደስ ይላታል።»

የመፍቻዎቹን ጨርቅ ወደሱ ጠጋ አደረግኩለት።

«እንዳይነግሯት አደራ» አለኝ። «ሲያዩዋት ቁጡ ትመስላለች እንጂ አልቃሻ ናት።»

«አልነግራትም፣ ጋሼ» አልኩት።

ከበርጩማው ብድግ ብሎ፣ ለእንግዳ ሰው እንደሚደረገው፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳኝ። ከዚያ ተቀምጦ ፊውዙን መፈለግ ቀጠለ።